የልጄ የፖሊስ አለቃ የሆንኩበት ከሰዓት

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2022፣ የፍልሰታ ጾም ነበር። አገር ቤት ክረምት ነው፤ ለንደን ግን ያን ዓመት እሳት ሆና ነበር። የምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤቱ ለዕረፍት ስለተዘጋ ቀኑን በቅዳሴና በቤቴ አሳልፍ ነበር። ስለ ዕረፍቱም እግዚአብሔር ይመስገን።

አንድ ሐሙስ ከቅዳሴ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ አርችዌይ ስመለስ ልጄ የሳሎኑን መስኮት ዘግቶ ብርድ ልብሴን ሰቅሎበት አገኘሁት። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አቁሞታል። ከክምሩ ሥር መዝሙረ ዳዊቴ ነበር። እሱን አወጣሁና በምትኩ የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ መጽሐፉን አስገባሁ።

"እማዬ፣ መስኮቱን እንዳትከፍቺ። የአውቶቡስ ድምፅ ይገባል።"

"ታፍነን ልንሞት ነው?"

"እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ብቻ።"

ልጄ ተዋናይ ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ ሊሞላው ነበር። እስከዚያ ድረስ ሬሳ ሆኖ ተኝቷል፣ በር ጠባቂ ሆኖ ቆሟል፣ አንድ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ሳንድዊች በልቷል። ያውም በሁዳዴ፣ ያውም የዶሮ። ተፍቼዋለሁ ብሎኛል። በቀረው ጊዜ እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያነሳ ነበር። መጋዘኑ ቋሚ ሥራ ሰጥቶታል፤ ሰኞ ሊፈርም ነው። ከፈረመ በሺፍቱ ምክንያት ለሌላ ነገር ጊዜ አይኖረውም።

"ይህ የመጨረሻዬ ነው" አለኝ። "ካልተሳካ እፈርማለሁ፤ ትወናው አበቃ።"

እኔ በልቤ ቢፈርም እወድ ነበር። ጡረታ አለው።

በዚህ ዘመን ተዋናይ ለፈተና የትም አይሄድም፤ ቤቱ ሆኖ ራሱን በስልክ ይቀርጽና ይልካል። ከስልኩ ጀርባ ቆሞ የሌላውን ሰው ንግግር የሚያነብለት ሰው ግን ያስፈልገዋል። ሁልጊዜ የሚያነብለት ጓደኛው ስፔን ሄዷል። ስለዚህ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ።

"ስለ ምንድን ነው?"

"ስለ ፖሊስ።"

ደስ አለኝ። "ዩኒፎርም ትለብሳለህ?"

"የለም። ማንነቱን ደብቆ የሚሠራ ፖሊስ ነው።"

"ታዲያ ምን ትለብሳለህ?"

"ሌዘር።"

"ጃኬት?"

"ሱሪም።"

"በዚህ ሙቀት?"

"እማዬ፣ ጌይ ክለብ ውስጥ ነው። እዚያ የሚመጡትን ሰዎች የሚገድል ሰው አለ። ፖሊሱ ከእነሱ እንደ አንዱ ሆኖ ገብቶ ገዳዩን ይፈልጋል።"

አማተብኩና ተቀመጥኩ።

"ገና ሳይሠራ ኢንተርኔት ላይ ሰው ተጣልቶበታል" አለ። "ግማሹ ነውር ነው ይላል። ግማሹ፣ ጌዮቹ ራሳቸው፣ ስማችንን ያጠፋል ይላል።"

"ሁሉም ከጠላው ማን ሊያየው ነው?"

"ሁሉም" አለኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ስድብ ነበረበት። "ጾም ላይ ነኝ፤ ይህን አፌ አይለውም" አልኩ።

"ዝለይው። እኔ እንደሰማሁ ሆኜ እመልሳለሁ።"

በዚህ ተስማማን።

በመጀመሪያው ክፍል እኔ የፖሊስ አለቃው ነኝ። "አክት አታድርጊ፤ ጀስት አንብቢው" አለኝ። አነበብኩት። የአለቃው ንግግር እንዲህ ነበር፤ "ዘግይተሃል። የት እንደምታድር አላውቅም። ስልክህን ለምን አታነሳም?" ይህን ለማለት ወረቀትም አያስፈልገኝም። ስልክህን ለምን አታነሳም ስለው ልጄ አንገቱን ሰበረ። በአንድ ጊዜ አለቀ።

"አክት አታድርጊ አላልኩሽም?"

"አላደረግሁም" አልኩት።

ሁለተኛው ክፍል ግን አስቸገረን። እዚያ ላይ እኔ ክለቡ ውስጥ ፖሊሱን የሚያነጋግረው ሰው ነኝ።

"እንደ አንተ ያለ ቆንጆ ልጅ ለምን ለብቻው ይቆማል?" አልኩት።

ሳቁን መያዝ አቃተው። "እማዬ፣ እንደ እናት አትበይው!"

"እናትህ አይደለሁም? እንደ ማን ልበለው?"

"እንደሚፈልገኝ ሰው።"

"ሳልፈልግህ ነው እንዴ የወለድኩህ?"

ደገምነው። በዚህኛው "እጁን ትከሻው ላይ ያደርጋል" የሚለውንም አነበብኩ። እሱ አይነበብም አለኝ። በሚቀጥለው ሳማትብ እጄ ካሜራው ውስጥ ገባ። በሌላኛው ደግሞ ስድቡን ዘልዬ ዝም ስል ልጄ የረሳሁ መስሎት ቃሉን በሹክሹክታ ነገረኝ። ላቡ እየወረደ፣ ሸሚዙን እየቀየረ፣ ሰዓቱ ሄደ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

"እንተወው። መጋዘኑም ክፉ አይደለም።"

ስመኘው የነበረውን ቃል ነው የተናገረው። ሲናገረው ግን ፊቱን አየሁት፤ ሬሳ ሆኖ በተኛበት ፊልም ላይ እንኳ እንደዚያ አልሞተም።

"አውጣው ወረቀቱን። አንዴ እንሞክር" አልኩ።

የክፍሉ መጨረሻ ላይ ሰውየው ይጠረጥራል። እስከዚያ ድረስ ቀስ ብዬ ሳነብ ስለነበር አሁን ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ። "ማነህ አንተ? ፖሊስ ነህ? ንገረኝ! ፖሊስ ነህ ወይ?"

በሩ በኃይል ተንኳኳ።

ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ናቸው። አየርላንዳዊ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ። እዚያ ቤት ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ረጅም ዘመን ኖረዋል። ወዳጃቸው ያረፉ ጊዜ ምግብ ይዤ ወርጄ ለቅሶ ተቀምጬላቸዋለሁ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ መቼ እንደምሄድ ግራ ገብቷቸው ሻይ ሲያፈሉልኝ ዋሉ። በማግስቱም ወረድኩ። የሁለቱን ነገር ጠይቄ አላውቅም። ማወቁን አውቃለሁ።

አሁን በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል።

"ፖሊስ ልጁን የሚወስደው መሰለኝ" አሉ። "የፖሊሱን የደረት ቁጥር ልጽፍ ነው የመጣሁት።"

"ጃንጥላውስ?" አላቸው ልጄ።

"እስክሪብቶው ካልጻፈ ብዬ።"

አስገባናቸው። ልጄ ነገሩን አስረዳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ፤ ሲያነቡ አፋቸው እየጠበበ ሄደ።

"እኛ ሁልጊዜ ወይ እንገደላለን ወይ እንገድላለን" አሉ። "አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ አንታይም። አልወደድኩትም።"

"እኔም አልወደድኩትም" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ለምን?"

"ኃጢአት አለበት።"

"እሱማ ብቸኛው ጥሩ ነገሩ ነው" አሉኝ።

ልጄ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ኢንተርኔቱ ሁሉ ቤቴ ገባ! ሁለታችሁም ጥሉት፤ እኔ ግን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መላክ አለብኝ። ካልላክሁ ሰኞ ኤድመንተን ነኝ፤ አበቃ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን መልሰው አዩት።

"እኔን እንዲህ ያለ ልጅ አሳስሮኛል" አሉ።

በወጣትነታቸው ነው፤ ያን ጊዜ እዚህ አገር ወንድ ከወንድ ጋር መሆን ያሳስር ነበር። አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ መልከ መልካም ልጅ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሌላም ቀን መጣ። ጨዋታቸው ገጠመ። አንድ ምሽት አብረው ሲወጡ ውጭ ፖሊሶች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ልጁም ከእነሱ አንዱ ነበር። ሽማግሌው ታሰሩ፤ ሥራቸውንም አጡ።

"አስመሳይ መሆኑ አያስታውቅም ነበር?" አለ ልጄ።

"በጭራሽ። እናቴ ያን ጊዜ ታማ ነበር። እንዴት ሆነች ብሎ ሲጠይቀኝ የእውነቱን ነበር። ፍርድ ቤት ሲመሰክርብኝ ጆሮው ቀልቶ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እናቴ ዳነች። እሱ ብቻ አልሰማም።"

እኔም ሳላስበው ተናገርኩ። ልጅ ሳለሁ እኛ ሰፈር ጆሮ ጠቢ ነበር። ምሳ ሰዓት እየጠበቀ ቤታችን ይመጣል። እናቴ እያወቀች ታበላው ነበር አልኳቸው።

"ለምን?" አለ ልጄ።

"ይርበው ነበራ።"

ልጄ ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ። "እርስዎ ሰውየውን ያንብቡልኝ" አላቸው። ለእኔ የሚቀረጽበትን መብራት እንድይዝ ሰጠኝ። አለቃው ከሥራ ወጣ ማለት ነው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንደ አንተ ያለ ቆንጆ ልጅ ለምን ለብቻው ይቆማል?" አሉት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ በርዶሃል ወይ እንደሚል ሰው። ልጄ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አላውቀውም። ስድቡ ጋ ሲደርሱ ሳይዘሉ አሉት፤ መብራቱን እንደያዝኩ ምራቄን ዋጥኩ። ከዚያ መጨረሻው መጣ። እኔ የጮህኩበትን እሳቸው አልጮሁበትም። "ፖሊስ ነህ?" አሉት ቀስ ብለው፣ አይደለሁም በለኝ እንደሚል ሰው።

ልጄ "አይደለሁም" አለ።

ልጄ ሲዋሽ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ አፍንጫውን ይነካል። አልነካም። ሽማግሌውን ትክ ብሎ እያየ፣ እያዘነላቸው ዋሻቸው። እኔ ራሴ አመንኩት። ጌታ ሆይ ይህን ልጅ ሣጥን አታሸክመው አልኩ፤ ጡረታውን በዚያች ደቂቃ ረሳሁት።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "እንዲህ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ደግነቱ አሁን ሁለታችሁም ምስክሮቼ ናችሁ፤ ጥሩ አንባቢ ነኝ" አሉ።

መላኩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ኢንተርኔታችን ቀርፋፋ ነው። ሦስታችን ስልኩ ላይ አቀርቅረን ምን ያህል እንደተላከ የምታሳየው መስመር ስትሄድ ስትቆም አየን። እኔ አባታችን ሆይ አደረስኩ። ሽማግሌው ስልኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

"ሄደ!" አለ ልጄ። መስኮቱን ሁሉ ከፈትን።

እኔ ገና እህል አልቀመስኩም ነበር። ምስር ወጥ አሞቅሁና ለሦስት አቀረብኩ። ሽማግሌው ጎርሰው፣ "ቅቤ የለውም?" አሉ።

"ጾም ነው።"

"እኛም ልጅ ሳለን ዓርብ ዓርብ ሥጋ አንበላም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተዉት?"

"ቄሶቹ ናቸው የተዉኝ" አሉ።

ምስር ጨመርኩላቸው።

ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረኝን አውቃለሁ፤ የያዝኩትንም አልለቀቅሁም። ፊልሙ ቢሠራም እንደማላየው ለልጄ ነግሬዋለሁ። ያን ቀን ሳሎኔ ውስጥ የሆነውን ግን አይቻለሁ። ስለ እሱ አመሰገንኩ። የጎረቤቴን ስም በጸሎቴ ጠራሁ፤ ፈጣሪ የሚያደርገውን ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ስልኩን ይዞ ክፍሌ ገባ። ጫማ እንኳ አላደረገም። ሰዎቹ ወደውታል፤ ከቀትር በፊት ሌላ ክፍል ቀርጾ እንዲልክ ይፈልጋሉ።

"ደግሞ ምን ይላሉ መሰለሽ እማዬ? አለቃውን ያነበበችው ሴት እንዳትቀየር። በደንብ ታስፈራራለች።"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ መልስ እስኪመጣ ይጠብቁኝ ብዬ ለመጋዘኑ እደውላለሁ።"

"አሁኑኑ ደውል" አልኩት።

በጾም ጠዋት ምንም አይጠጣም። ድምፄ እንዲጠራ ግን በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ እንዳልውጠው ተጠንቅቄ ተፋሁት። ከዚያ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ታች ወረድኩና የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ።