ኦብሲ ያልኩበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ አምቦ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እናቴ በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጊንጪ የመጣው አጎቴ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ከኋላዋ ቆሟል። አክሲዮን ሊገዛ ከአዲስ አበባ የመጣው ደላላ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፏል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ወረቀት ትደረድራለች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ። ስም አልጽፍም፤ የነበሩት ራሳቸውን ያውቃሉ።

እናቴ አክሲዮን የገዛችበት ባንክ በዚያ ዓመት ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ አልከፈለም። መንገዱ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባንኩ ሊወድቅ ነው የሚለው ወሬ ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም። ሰው አክሲዮኑን ከተጻፈበት ዋጋ በታች መሸጥ ጀመረ። የሽያጭ ውሉን የምተይበው እኔ ነበርኩ፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ሰባት ተይቤያለሁ። ስምንተኛዋ ሻጭ እናቴ ልትሆን ነው። አክሲዮኗ የተገዛው አባቴ ሲሞት መሥሪያ ቤቱ በሰጣት ገንዘብ ነበር። ሌላ ጥሪት የላትም።

ስለ አክሲዮን ያስተማረኝ ሰው የለም። ደንበኞች የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ሲያስባዙ ቀለሙ ደብዝዞ የሚጣለውን ቅጂ እትዬን አስፈቅጄ እወስድ ነበር። የአራት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ባንኩ ዕዳውን ሁሉ ቢከፍል ለአንድ አክሲዮን የሚተርፈው ሀብት ደላላው ከሚሰጠው ዋጋ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ዋጋው በወረደ ቁጥር ሪፖርቱን እንደገና እከፍታለሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ አልፈራሁም።

"እማማ፣ ሰኞ ይሄንንም ዋጋ አያገኙትም" አለ ደላላው።

"የሚወድቅ ከሆነ አንተ ለምን ትገዛዋለህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ የባንኩን ፕሬዚዳንት እዚህ ደብቀሽዋል እንዴ?" አለ ደላላው።

"ደመወዙንም እኔ ነኝ የምከፍለው" አለች እትዬ፤ ተሳሳቁ።

አጎቴ አልሳቀም። "እታለም፣ የልጁን ሒሳብ አይቼዋለሁ፤ አልተሳሳተም። አሁን ገንዘብ የሚያስፈልግሽ ጉዳይ አለሽ ወይ?"

እናቴ ወረቀቶቿን የያዘችበትን፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ላስቲክ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ላድርግ?"

"ኦብሲ" አልኳት። ታገሺ ማለቴ ነው፤ ከእሷ ጋር ቁም ነገር ስናወራ ኦሮምኛው ይቀናናል።

የአክሲዮን ወረቀቷን ላስቲኩ ውስጥ መልሳ ተነሳች። እኔም የጀመርኩትን ውል አጠፋሁት።

ዋጋው ከዚያም በኋላ ወርዶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ እሷ ከገዛችበት በላይ ወጣ። አዲሱን ሪፖርት ይዤላት ቤት ገባሁ። ወረቀቱን ስዘረጋላት እጇ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ ዳሰሰ። ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

የዓይን ግፊት መሆኑን ሐኪሙ ነገረን። የጠፋው የዓይኗ ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት እንደሚሞክር ነገረን። ለምን እንደዘገየች ሲጠይቃት ከዚያው ላስቲክ ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሚልካትን የሪፈር ወረቀት አወጣች። የተጻፈው ከዚያ ቅዳሜ አራት ቀን ቀድሞ ነው። አክሲዮኗን ልትሸጥ የመጣችው ለመታከሚያዋ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጠየቅኩህ እኮ። ኦብሲ አልከኝ።"

ሒሳቤ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ያን ሪፖርት ብትሰጡኝ አትሽጡ ነው የምለው። ነገር ግን አጎቴ ለጠየቃት ጥያቄ መልሷን አልጠበቅኩም።

አጎቴ ራሷን ስትነቀንቅ አይቻለሁ ይላል፤ አዎ ማለቷ ይሁን አይ ማለቷ ግን አልለየም። እትዬ ደግሞ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ከላስቲኩ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንደነበር ትናገራለች። እኔ የማስታውሰው በውሉ ሦስተኛ መስመር ላይ የሳትኩትን አንድ ፊደል ነው። ደላላው፣ ይህን ካነበብክ፣ ወይም ደጅ ላይ ተራ ትጠብቁ ከነበራችሁ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ። የሪፈሩ ወረቀት ከፊቴ ነበር?