ይመኙሻል ዝም ያለችባቸው ሳምንታት

የጤና ረዳትነት ሥራዬን የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ባሻ መኮንን ነጭ ጋውን ሰጡኝና በቀጥታ ወደ ላምባ ምድጃው ወሰዱኝ። ባሻ በጦር ሠራዊት ውስጥ በድሬሰርነት ያገለገሉ፣ ቁስል በማጠብ ያረጁ ሰው ነበሩ። "ሰው ከመንካትህ በፊት ውኃ ማፍላት ተማር" አሉኝ። ያን ቀን መርፌና መቆንጠጫ ስቀቅል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትር ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። "ሁለት ነበሩን፤ አሁን አንድ አለን" ከማለት በቀር አልተቆጡኝም።

የምናክመው በሽታ ብዙ ዓይነት አልነበረም። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ትል፣ የዓይን ሕመም፣ መጥረቢያ ያገኘው እግር። መድኃኒታችንም እንደዚያው ጥቂት ነበር። ገበሬው ሁሉ "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ "አይደለሁም" አልልም።

በአራተኛው ዓመቴ አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ የአሥር ዓመት ልጃቸውን ይመኙሻልን ይዘው መጡ። የአዊ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው አገውኛም አማርኛም ይነገርበታል። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ታስመልሳለች፣ ካስመለሰች በኋላ ይሻላታል። የትል መድኃኒት ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ትኩሳት ሳይኖራት ወባ ይሆናል ብዬ ክሎሮኪን ሰጠኋት። ወር ሳይሞላ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

ያን ቀን ካርዷን እየጻፍኩ ቀና ስል ከበሩ ወደ ሚዛኑ ስትሄድ አየኋት። እግሯን አራርቃ፣ ግድግዳ እየደገፈች ትንገዳገዳለች።

"እንዲህ መራመድ ከጀመረች ቆይቷል?" አልኳቸው።

"ሰንብቷል። ጎረቤቱ፣ ጠላ አጠጥታችኋት ነው ወይ እያለ ይስቃል። እኔስ መሳቁን ትቻለሁ።"

አፍንጫሽን ንኪ፣ ከዚያ ጣቴን ንኪ አልኳት። ጣቷ እየተንቀጠቀጠ ጣቴን አልፎ ሄደ።

"የቱን ልንካ? ሁለት እኮ ነው" አለችኝ።

አንገቷ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። ላቃናው ስሞክር ማጅራቷን ይዛ ጮኸች። ትኩሳቷን ለካሁ፤ የለም። ባሻን ጠራኋቸው። አገላብጠው አዩዋትና "ይህ ከእኛ በላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ትሂድ። የማታውቀውን እንዳወቀ ሰው አትጻፍ፤ ያየኸውን ብቻ ጻፍ" አሉኝ። እኔ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩና ከግርጌው "ማጅራት ገትር ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ጨመርኩበት።

አያ ፈንቴ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። "እናቷ ጠበል ይሻላል ትላለች" አሉ።

"ጠበሉን ይያዙት፤ መንገዱ ግን በፍኖተ ሰላም በኩል ይሁን።"

በማግስቱ ሦስታችን በእህል ጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረን ሄድን። የጠበሉን ጠርሙስ ያቀፈችው ይመኙሻል ነበረች።

ፍኖተ ሰላም የተቀበሉን ዶክተር ግርማ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጡም። ነርሷ ወረቀቴ ላይ ማጅራት ገትር የሚለውን አይታ ልጅቱን በጎኗ አስተኝታ፣ የጀርባ ፈሳሽ የሚቀዳበትን ረጅም መርፌ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ዶክተሩ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡ።

"ትኩሳት ኖሯት አያውቅም?"

"ሦስቱንም ጊዜ አልነበራትም።"

መጋረጃው ይዘጋ አሉና በትንሽ መብራት የዓይኗን ውስጥ አዩ። ቆይተው ቀና አሉ። "መርፌውን መልሱት።"

ኮሪደር ላይ አስረዱኝ። "ከጭንቅላቷ በስተ ኋላ፣ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ፣ ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል አለ። ቦታው ጠባብ ነው። እዚያ እጢ የበቀለ ይመስለኛል። የአንጎሏን ውኃ መውረጃ ዘግቶ ጭንቅላቷን ወጥሮታል፤ ዓይኗ ውስጥ ያየሁት እብጠት ከዚያ የመጣ ነው። ከጀርባዋ ብቀዳ ኖሮ አንጎሏ ወደ ታች ይሰምጥና ትንፋሿ እዚሁ ይቆም ነበር።"

"ማጅራት ገትር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ትኩሳት የላትም ብለህ የጻፍከውም አንተ ነህ። ያስቆመኝ እሱ ነው።"

በዚያ ቀን ሊወቅሱኝ ይችሉ ነበር። አልወቀሱኝም። ውለታቸውን አልረሳም።

አዲስ አበባ ለመሄድ ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍና የነፃ ሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀ መንበሩ ጥብቅ ሰው ነበር። "አያ ፈንቴ፣ ስብሰባ ሲጠሩ ከብት ጠፋብኝ ይላሉ። ዛሬ ማኅተም አማረዎት?" አላቸው።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ዛሬ የምትጠፋብኝ ልጅ ናት" አሉት።

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። እሳቸው በሌሉበትም ደቦ ጠርቶ እርሻቸውን አሳረሰላቸው። ስለዚያ ዘመን ሰዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔም ብዙ አይቻለሁ። ያን ሰው ግን አመሰግነዋለሁ።

ባሻ አንድ ሳምንት ፈቀዱልኝና ከአባትና ልጁ ጋር ሄድኩ። አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስ አድሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሲወጣ አያ ፈንቴ የልጅቱን ራስ በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ይዘው ነበር። በትልቁ ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ምንም ሳይደብቁ ነገሯቸው፦ "መጀመሪያ የተጠራቀመውን ውኃ በቱቦ ወደ ሆዷ አወርዳለሁ። ቀጥዬ እጢውን አወጣለሁ። አጠገቡ መዋጥንና መተንፈስን የሚያዝ ክፍል አለ። እንደነበረች ላልመልስልዎ እችላለሁ።"

"ባይነካስ?"

"ትሞታለች።"

"እንግዲያስ ይንኩት" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ቱቦው በገባላት በማግስቱ ማስመለሱ ቆመ። እኔ ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ። የቀረውን አያ ፈንቴ ከሁለት ወር በኋላ ክሊኒካችን ደጃፍ ተቀምጠው ነገሩኝ።

"ከቀዶው ማግስት 'አባዬ' አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ዝም አለች። ዓይኗ ይከተለኛል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ቃል የለም። ምላሷን ቆረጡብኝ ብዬ አፏን ከፍቼ አየሁ። ሐኪሙን ያዝኳቸው። 'በዚህ ቦታ ቀዶ የተደረገላቸው ልጆች አንዳንዴ እንዲህ ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ቀኑን ግን አላውቅም' አሉኝ። አራት ሳምንት ጠበቅሁ። አንድ ረፋድ ላይ ነርሷ እየሮጠች መጣች። 'ትቀባዥራለች፣ የማይገባ ነገር ትላለች' አለችኝ። ስገባ ልጄ በአገውኛ 'ውኃ፣ ውኃ' ትላለች። 'መቀባዠር አይደለም! በእናቷ ቋንቋ ነው፣ ጠምቷት ነው!' ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ኩባያውን ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ልጅቱ ግን ውኃውን ነበር የፈለገችው።"

ይመኙሻል ስትመለስ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው። ንግግሯ ዝግ ያለና የተቆራረጠ ነበር። ምርኩዙን በዓመቱ ጣለችው፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ጥጥ መፍተል አልሆነላትም። በግራ እጇ መጻፍ ለምዳ ትምህርቷን ቀጠለች፤ አግብታ ወልዳ ቡሬ ትኖራለች።

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ልትጠይቀኝ መጣች። ሁለት ጊዜ ያላግባብ መድኃኒት ሰጥቼ እንደመለስኳት ነገርኳት፤ አታውቅም ነበር።

ዝግ ባለ ንግግሯ "አባቴ ያውቅ ነበር" አለችኝ። "እስኪሞት ድረስ ግን ስምዎን በጸሎቱ ይጠራ ነበር።"

ከእሷ ወዲህ አንድ ሰው በአንድ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣብኝ የድሮውን ካርድ ወደ ጎን አስቀምጬ ከበሩ ሲገባ ጀምሬ እንደ አዲስ እመረምረው ነበር። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ የተሳሳተው መድኃኒቱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።