የአዝመራው ክንድ

ዳንግላ ውስጥ ጨርቅ በክንድ በሚሸጥበት ዘመን፣ አንድ ክንድ ሲባል «የማን ክንድ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አልነበረም። ብልህ ገዢ ከዋጋው በፊት የሻጩን ክንድ ያያል። ክንዱ አጭር የሆነ ነጋዴ ምላሱ የቱንም ያህል ቢረዝም ገበያ አይቀናውም። አዝመራው ምላሱ አጭር፣ ክንዱ ረጅም ነበር። ልጅ ሳለ «ሳታጎነብስ እግርህን እከክ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ጎልምሶ አሮጌው ገበያ ውስጥ፣ ሾላው ሥር፣ የሣር ክዳን ሱቅ ሲከፍት ግን ያ የተሾፈበት ክንድ እንጀራው ሆነ።

የገበያ ቀን ከቆሰበር መንገድ በፈረስ የሚመጣው ገበሬ ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፎ እሱ ደጃፍ ፈረሱን ያስራል። አዝመራው አገውኛውን የተማረው ከገበያ ነው፤ አነጋገሩ ያስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። አቡጀዲውን ከክርኑ ጫፍ ይዞ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ ይዘረጋል። በአማርኛም በአገውኛም ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሲጨርስ አንድ ጋት ምርቃት ይጨምራል። ቀስ በቀስ «በአዝመራው ክንድ» ማለት ሳይሰረቅ፣ ሞልቶ ማለት ሆነ። ማር ሻጩ እንኳ ሲምል «በአዝመራው ክንድ ነው የሰፈርኩልህ» ይል ነበር። ማር በክንድ እንደማይሰፈር የጠየቀው ሰው የለም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ገበያው ወደ መኪናው መንገድ ዳር ይዛወር ተባለ። መጀመሪያ ቅቤ ሻጮቹ ወረዱ፤ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ በርበሬ። ባለሱቆቹ አንድ በአንድ በራቸውን ነቅለው በአህያ እየጫኑ ሄዱ። በር የሌላቸው ሱቆች ጥርሱ የወለቀ አፍ መስለው በመደዳ ቀሩ፤ ፈረስ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሳማ በቀለ። መንገዱ ዳር ዓለምነው የሚባል ወጣት ነጋዴ ቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ፣ ረጅም ባንኮኒ አሠርቶ፣ የእንጨት ሜትር አስቀመጠ።

አዝመራው አልወረደም። «ሰው ክንዴን ፈልጎ ይመጣል» አለ። እውነቱን ለመናገር ኩራት ነበር። የሚመጡት ግን በገበያ ቀን አራት ሰው፣ ቢበዛ አምስት ሆኑ። ጨርቅ የሚያመጣለት ጅምላ ነጋዴም ሾላው ድረስ መውጣቱን ተወ። አንድ ዝናባም ቀን፣ ሲጠብቅ ውሎ ለመጣች አንዲት ሴት አራት ክንድ ሲለካ፣ የመሀል ጣቱ ትንሽ ታጠፈ። ጣቃው ቶሎ እንዳያልቅ ነው አለ ለራሱ። ሴትየዋ አላየችም፤ የአዝመራውን ክንድ ማን ያያል? በሚቀጥለው ጊዜ ሦስቱም ረጃጅም ጣቶች ታጠፉ። ከዚያ ወዲያ እጁ ራሱ ለመደው፤ ምርቃቱን ግን አንድም ቀን አላስቀረም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመርቅ ጀመር።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ማለዳ አስማረ የሚባል ገበሬ ፈረሱን በላብ አጥቦ ደረሰ። የእህቱ የደብሪቱ ባል ቢሻው አርፏል። ገናዡ ሬሳውን ለክቶ ዘጠኝ ክንድ አቡጀዲ ይምጣ ብሏል።

«እህቴ ሌላ ጋ እንዳትሄድ ብላኛለች» አለ አስማረ። «ዘጠኙን በአያ አዝመራው ክንድ አስለካ፣ ይተርፋል እንጂ አይጎድልም ነው ያለችው።»

አዝመራው «ነፍስ ይማር» አለ፤ ከልቡም ነበር። ቢሻው የሃያ ዓመት ደንበኛው ነው። ጣቃውን ዘረጋ፤ አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ። ለመግነዣ መሆኑን ጆሮው ሰምቷል፣ እጁ ግን አልሰማም። ዘጠኝ ጊዜ ሦስት ሦስት ጣት እንደታጠፈ ያወቀው ጨርቁን ከቀደደ በኋላ ነበር። ደንግጦ ምርቃት አንድ ጋት ጨመረ። ሌላ ክንድ ልጨምር ቢል «ለምን?» ሊባል ነው። አስማረ በሁለት እጁ ተቀበለውና ለምርቃቱ አመሰገነ።

ለቅሶ አለመድረስ አይቻልም፤ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ገናዡ መግነዣውን ከራስ ጀምሮ አለበሰ፤ እግር ላይ ሲደርስ ጨርቁ አለቀ። አንዴ ጎተተው፣ ደግሞ ጎተተው። የቢሻው የተሰነጣጠቁ ተረከዞች በሰው ሁሉ ፊት ወጥተው ቀሩ።  አዝመራው ከበሩ ጥግ ቆሞ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው ተመኘ።

«አንዳች የቀረበት ሬሳ እኮ ይረዝማል» አለ ገናዡ በመጨረሻ። «ለክቼዋለሁ፤ የአዝመራው ክንድ ደግሞ ከኔ ክንድ ይበልጣል። የረዘመው ሬሳው ነው።» እግሩን በነጠላ ቅዳጅ ጠቀለሉትና በሰሌን ሸፈኑት።

ያኔ ደብሪቱ ደረቷን እየደቃች ጮኸች፦ «ምን ቀርቶህ ነው የተዘረጋኸው? ምን ከልክዬህ ነው ቢሻው?»

 አዝመራው ሲሰናበታት እሷ ነበረች እጁን የያዘችው። «አይሸማቀቁ፣ አያ አዝመራው» አለችው። «እርስዎማ ምርቃት ሳይቀር ጨምረውልኛል አሉ። እጅዎን ይባርከው።» መንገዱን ሁሉ ያንን እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጣቱ አልታጠፈም። ምን ይሠራል! ደብሪቱ በየገበያው የመኪናውን መንገድ አቋርጣ፣ በሳማው መሀል አልፋ እሱ ጋ ትመጣለች፤ የመንደሯን ሴቶችም ታመጣለች። እሷ ባመነችው ቁጥር እሱ ይብስበታል። ሬሳው ስለረዘመ በመንደሯ ሴቶች እሷን ማማት እንደጀመሩ ሰማ፤ ባል ጠግቦ ሳይሞት ሬሳው የሚረዝመው፣ ሚስቱ የነፈገችው ነገር ቢኖር ነው ይባል ነበር። እሷም ሐሜቱን አምናዋለች። ለስሙ ብሎ ዝም አለ፤ ወር ሆነው፣ ስድስት ወር ሆነው።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል ዓለምነው ሰው ላከበት። ሲሄድ ቆርቆሮ ሱቁ በገበሬ ሞልቷል፤ ደብሪቱና አስማረ ባንኮኒው ፊት ቆመዋል።

«ጋሽ አዝመራው፣ ይገላግሉኝ» አለ ዓለምነው እየሳቀ። «ሜትር ብላቸው የማን ክንድ ነው ይሉኛል። እዚህ ባንኮኒ ላይ ክንድዎን ያስቀምጡልኝና ምልክት ልቅረጽ። በአዝመራው ክንድ ባሉኝ ቁጥር በዚያ እለካላቸዋለሁ።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አስተካከለች። «የርስዎ ጣቃ ማለቁን ሰምቼ ነው እዚህ የመጣሁት» አለች እንደ ማፈር ብላ። «ዘጠኝ ክንድ ለቤተ ክርስቲያን ልሰጥለት ነው። ያኔ የጎደለውን ልሙላለት፤ ምናልባት ያርፍልኛል። በርስዎ ክንድ ካልሆነ ግን ልቤ አያምንም።»

አዝመራው ክንዱን ባንኮኒው ላይ አሳረፈ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። ዓለምነው በቢላዋ ጫፍ ከክርኑ ሥር ጫረ፤ ከመሀል ጣቱ ጫፍ ጫረ። ሰዉ «ይሄ ነው ክንድ!» አለ። ለስሙ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ያየ ነጋዴ ዳንግላ ውስጥ አልነበረም። አዝመራው ግን ክንዱን አላነሳም።

«ቢሻው አልረዘመም» አለ።

«ምን አሉ?» አለ ዓለምነው።

«አልረዘመም። እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። ጣቴን አጥፌ ነው የለካሁት።» አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ከኋላ ስላሉ፣ በዚያ በሚያስቀው አገውኛው ደገመው። የሳቀ የለም።

ደብሪቱ ባንኮኒው ላይ የተዘረጋውን ክንድ አየችው። «በየክንዱ?»

«በየክንዱ። ሦስት ሦስት ጣት።»

«ምርቃቱስ?»

አዝመራው ክንዱን አንስቶ ጋቢው ውስጥ አስገባ።

«በዚያ ለቅሶ መሀል እጅዎን መርቄ ነበር እኮ» አለች። ከዚያ ባንኮኒውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች፤ አስማረ ሊይዛት ሲል ገፋችው። «ተወኝ። አልረዘመም። ምንም አልቀረበትም ነበር። ዓመት ሙሉ ምን ነፈግኩት እያልኩ ራሴን ስበላ፣ ምንም አልነፈግኩትም ነበር።»

እንባዋን ጠረገችና ወደ ዓለምነው ዞረች። አዲስ ወደተቀረጸው ምልክት አላየችም።

«በእንጨቱ ለካልኝ» አለች።

ዓለምነው ሜትሩን አነሳ። ከኋላ የቆሙት ሴቶችም «ለኛም በእንጨቱ» አሉ። አዝመራው ሾላው ሥር ያለውን ሱቁን በር በዚያው ሳምንት ነቀለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሊገዛ በገባ ቁጥር ግን፣ በበጋም ቢሆን፣ ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው። በግራው ይከፍላል፣ በግራው ይቀበላል።