ጅቡ እጅ ላይ የጨመርኩት ጠባሳ

ይኸን ነገር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለባሌም፣ አፈሩን ያቅልልለትና፣ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ «ሰው አምቻለሁ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ፤ ማንን፣ ምን ብለሽ ሲሉኝ ጉልበቴን አመመኝ ብያለሁ። ዛሬ ይኸን የምታነቡ ሁሉ ንስሐ አባቴ ናችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፈው የልጄ ልጅ ቃልኪዳን ናት፤ ያልኩትን እንዳለ እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

ነገሩን የቆሰቆሰው ፊልም ነው። ጎንደር፣ ቁስቋም ቤታችን፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቃልኪዳን በስልኳ ታየዋለች። የተሳለ ሰው የሚንቀሳቀስበት ነው፤ አኒሜ ትለዋለች። ጃፓኖች ናቸው አሉ የሠሩት። ቋንቋቸውን ማን ይሰማዋል! ከሥር የሚመጣውን ጽሑፍ እሷ እያነበበች ወደኛ ቋንቋ ትመልስልኛለች።

አገሩ ምድር አይደለም፤ ሌላ ኮከብ ላይ ነው። ሁለት ፀሐይ ይወጣበታል። ሰዉ ግን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ በብረት በቅሎ ይሄዳል።

«ይኸ ደግሞ የት አገር ነው?» አልኳት።

«ካውቦይ ነው እምዬ፣ ግን ገና ወደፊት የሚመጣ ዘመን ነው።»

«ወደፊትም በቅሎ አለ?»

«አለ፤ ግን ገለባ አይበላም።»

«ተመስገን!» አልኩ።

ከተማው ውሃ የለውም፤ አቧራ ብቻ ነው። አንዲት ሴት ትመጣለች። ከሷ በፊት ግን ወሬዋ ይመጣል። በየግድግዳው መልኳን የያዘ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የረገጠችው ምንጭ ይደርቃል» ይላል። ልጆች ቁጭ ብለው ስለሷ ያወራሉ። አንዱ ቁመቷ ቤት ያክላል ሲል፣ ሌላው ሁለት ቤት ነው ይለዋል፣ ሦስተኛዋ ዓይኗ እሳት ነው ትላለች። ሴትዮዋን እኮ ገና አላሳዩንም! ጥላዋን ብቻ ነው ያሳዩን። ከዚያ ኮቴዋን። ከዚያ መስኮቱ አንድ ባንድ ሲዘጋ። እኔ ተረት አዋቂ ነኝ፤ ነገር የሚያሳምር እጅ ሳይ አላጣውም። እንዲያው በአድናቆት አፌን ያዝኩ።

ቃልኪዳን ግን አላስደነቃትም። «እንዲህ ያለው ሁሌም አንድ ነው እምዬ። እንግዳ ይመጣል፣ ይፈሩታል፣ ያድናቸዋል፣ ዞር ሳይል ይሄዳል። የታወቀ ነው» አለችኝ።

«ቢታወቅስ? የኛስ ተረት ጦጣ ብልጥ፣ ጅብ ሞኝ አይደለም? መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሸጋ የሚያደርገው አረማመዱ ነው» አልኳት።

ሴትዮዋ ሽጉጧን እስከ መጨረሻው አታወጣም። እኛ መቼ ታወጣው ይሆን ብለን እንጨነቃለን። ባወጣችው ጊዜ የመታችው ሰው አይደለም፤ አንድ ባለጸጋ ውሃውን የቆለፈበትን ብረት ነው። ውሃው ፈነዳ! እልል ልል ስል፣ ከሰዉ መሃል አንዱ «አያችሁ? እሷ ባትይዘው ኖሮ እንዴት ለቀቀችው?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ሰምታ በቅሎዋ ላይ ወጥታ ሄደች። ይኸን የሠራው ሰው ሰውን ያውቃል። ከኔ በላይ ያውቃል።

ቃልኪዳን «አበቃ» ብላ ቀና ስትል እያለቀስኩ አገኘችኝ።

እኔ ነኝ። ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል ሳልቆጥር ጻፍኩት።

ተወልጄ ያደግኩት ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ኮሶዬ ነው። ጎረቤታችን አያ ደምሌ የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። የአገሩን ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚሠራው እሱ ነው። ሲበላ ግን ለብቻው ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባል ነበራ። ይባል ነበር እንጂ እሱን ክፉ ሲሠራ ያየ የለም። ይፈሩታል፤ ቢሆንም ይኖር ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ገና ያላገባሁ ነኝ። ተረት በኔ አፍ ያምር ነበር። ዛሬ የኔን ነገ ያንችን እያልን በወንፈል ገብስ ስናርም፣ ሴቶቹ «አንች ማር አፍ፣ በይ አንድ ጣይብን» ይሉኛል። በኛ አገር ተረት ደጃፍ አለው። የሚያወራው «ተረት ተረት» ይላል፤ የሚሰማው «የላም በረት» ይላል። እንዲያ ከተባባሉ ወዲያ ጅብ ቢናገር፣ ዝንጀሮ ዳኛ ቢሆን፣ እውነት ነው የሚል የለም። እኔ አንድ ቀን፣ ገብስ ስናርም፣ ደጃፉን ተውኩት። ረስቼ አይደለም፤ አውቄ ተውኩት። ሴቶቹ ደክሟቸው እርስ በርስ ያወራሉ፣ እኔን የሚሰማ ጠፋ። «ትናንት በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ?» አልኩ። እጃቸው ቆመ።

ማጭድ ላመጣ አያ ደምሌ ቤት ሄጄ በግድግዳው ቀዳዳ ሳይ፣ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ሆኖ ተነሳ አልኩ። ይኸ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው፤ ሲያቅማሙ አየሁ። ያን ጊዜ ጠባሳውን ጨመርኩ። የጅቡ የቀኝ እጁ ላይ፣ ልክ አያ ደምሌ እጅ ላይ እንዳለችው፣ የእሳት ጠባሳ አለች አልኩ። አንዷ «ውይ እናቴ!» ብላ የነቀለችውን አረም ጣለች።

ጠባሳውን ከየት አመጣሁት? ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁ። ለአባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ አባቴ ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ሲለው ነው የተቃጠለው። የኛን ሥራ ሲሠራ ያገኘውን ቁስል ወስጄ ጅብ ላይ ለጠፍኩት። እንዴት ያለ ሸጋ አሠራር ነበር! እግዜር ይይልኝ፣ በራሴ እጅ ሥራ ዛሬም እደነቃለሁ። ይኸም ኃጢአት ነው፤ ጻፊው።

የአንዷ ሴት ልጅ፣ አምስት ዓመቷ ይሆናል፣ እናቷ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በሳምንቱ አተኮሳት። ስትቃዥ «አያ ደምሌ! ጅቡ!» እያለች ጮኸች። በኛ አገር የታመመ ሰው ስም ከጠራ የበላው እሱ ነው። ስሙን ማን አስጠናት? እኔ። ወንዶቹ በጠራራ ፀሐይ ዱላ ይዘው ሄደው አመጡት፤ ምራቅህን ትፋባት፣ ልቀቃት አሉት። እሱ ልጅቱን አያት።

«እኔ አልበላኋትም። ምራቄ የሚያድናት ከሆነ ግን ምነው እምቢ እላለሁ?» አለና እንትፍ አለባት።

ልጅቱ በነጋታው ዳነች። ትኩሳት እንደሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰዉ ግን «ባይበላት ኖሮ እንዴት ለቀቃት?» አለ። ደግነቱ ማስረጃ ሆነበት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፍ ነበረኝ፤ ያ ማር የሚሉት አፍ። አንድ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ በኋላ ብረት የሚያስመታ ጠፋ። ሚስቱ ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሸሻሉ። ክረምቱ ሳይወጣ እሳት የሚነፋበትን ወናፍ አህያ ላይ ጭኖ፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በዝናብ ሄደ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ፈርቼ ነው ልበል? ልጅ የነበርኩት አንድ ቀን ነው። ከሄደም በኋላ ያን ወሬ አውርቼዋለሁ። ሠርግ ቤት አውርቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት አውርቼዋለሁ። ጎንደር አግብቼ ከመጣሁም በኋላ አራዳ ገበያ ላይ አውርቼዋለሁ። ባወራሁት ቁጥር ጠባሳዋ ትሰፋ ነበር።

ፊልሙን ባየን በሳምንቱ ከቃልኪዳን ጋር በሚኒባስ ኮሶዬ ሄድኩ። የማርያም ማኅበር ነበር፤ ሰዉ ሞልቷል። ተነስቼ ቆምኩ። «አያ ደምሌ ቡዳ አልነበረም። እኔ ምንም አላየሁም። ጅቡን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

አንዱ ጎልማሳ «እትዬ፣ እርጅና መጣ መሰለኝ፣ ተረቱም ጠፋብዎ!» አለ። ሳቁ።

አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። ያች ያኔ ያተኮሳት ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም የልጅ ልጅ አይታለች። መጥታ እጄን ያዘችኝ። «ምነው እትዬ፣ ምን ነክቶዎት ነው? እኔ እኮ በዓይኔ አይቸዋለሁ። አልጋዬ ሥር ቆሞ ነበር። ጠባሳው እስከ ዛሬ ይታየኛል» አለችኝ።

እንዳልዋሸች ዓይኗ ይናገራል። ያልነበረውን ጅብ ሥዬ ሰጠኋት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው ኖረች። እሷንም በድያለሁ ለካ። ይኸን እስከዚያች ቀን አላወቅኩም ነበር።

የአያ ደምሌ ልጆች፣ በሕይወት ካላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ይኸን ካነበቡ፤ አባታችሁ ሰው ነበር። ከኛ ሁሉ የተሻለ ሰው ነበር። የዋሸሁበት እኔ ነኝ። ማሩኝ አልላችሁም። ማሩኝ የሚል ሰው ያጠፋውን የመለሰ ነው፤ እኔ ከአንዲት ሴት ዓይን አንድ ጅብ ማውጣት አቃተኝ። በየማርያሙ ግን ሚኒባስ ይዤ ኮሶዬ እሄዳለሁ። ተነስቼ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል። በወሩ ደግሞ እሄዳለሁ።