ባለካባውና ባለጭምብሉ በአባቴ ጥራዝ

አባቴ ቁርአን ጠራዥ ነበር። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ገጹ የተበተነ ቁርአን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ በረንዳ ይመጣል፤ ከመቻራ ድረስ በጨርቅ ጠቅልለው የሚያመጡም ነበሩ። ሥራው ቀስ ያለ ነው። ቅጠሎቹን ይደረድራል፣ ሰም በተቀባ ክር ይሰፋል፣ ቆዳ ያለብሳል፣ በመጨረሻ በግራ በኩል እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ ያበጅለታል። መጽሐፉ በቀኝ ይከፈታል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ጠርዞ አያውቅም። እኔም ማትሪክ ፊቱን ሲያዞርብኝ ሙጫ እያፈላሁለት ከእሱ ጋር ቀረሁ።

በረንዳችን የሁለት ሱቅ ነበር። ግድግዳው አንድ፣ ጣሪያው አንድ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያፈሰውም በሁለታችን ላይ እኩል ነው። ወዲያ በኩል ያለው ልብስ ሰፊ የአባቴ የቁርአን ቤት ጓደኛ ነው። እኔ አዴራ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ በኦሮምኛ አጎት እንደማለት ነው፣ የሥጋ ዝምድና ግን የለንም። የዒድ ቀሚሴን በየዓመቱ የሚሰፋልኝ እሱ ነበር። ሜትር ይዞ ለክቶኝ አያውቅም። በዓይኑ አይቶ ይቆርጣል፣ ልክክ ይላል።

ከዚያ አብዮቱ መጣና ስብሰባ በዛ። በአንዱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አባቴ ምን ምን እንደሚጠርዝ ሲጠየቅ፣ አዴራ እጁን አውጥቶ ተነሳ። «ከውጭ የሚመጣ የማይታወቅ ጽሑፍ ሲጠርዝ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ውሸት ነበር። አስፈራርተውት ይሁን ራሱ ፈርቶ፣ አላወቅኩም። አባቴ አርባ ቀን ታስሮ ወጣ። ሲወጣ ወደ በረንዳው መጥቶ መርፌና ክሩን ዘረጋ፣ በስተቀኙ የተቀመጠውን ሰው ግን ቀና ብሎ አላየውም። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየውም።

ሁለት ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሰውን አለማየት ሙያ ይጠይቃል፤ እነሱ ተክነውበታል። መሃል የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። «ለዚያ ሰውዬ ዶሮህ ሙጫዬ ውስጥ ገባች በይው» ይለኛል አባቴ። ሰውዬው እዚያው ሆኖ ይሰማል። «ለዚያ ሰውዬ ሙጫህን ክደን በይው» ይለኛል አዴራ። እኔ ካልደገምኩት እንዳልተሰማ ነው የሚቆጠረው። አንድ ቀን አንጀቴ አርሮ «ለምን ዶሮዋን ራሷን አታናግሯትም» ብላቸው ሁለቱም ተቆጡኝ። በስድስት ዓመት የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው። የዒድ ቀሚሴን ሌላ ሰው ይሰፋው ጀመር፣ ብብቱም ሁሌ ይይዘኝ ነበር።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሳይሞቱ ሰላም እንዲባባሉ። አባቴ ልቡን ያመው ጀምሯል። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ አያኮርፍም እያለ ሌላውን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው፣ የገዛ ኩርፊያውን ይዞ ወደ አፈር እንዲገባ አልፈለግኩም። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ አባቴ በአክብሮት አስቀመጣቸው፣ ጫት አቀረበላቸው፣ በአክብሮት ሸኛቸው። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?

መጽሐፉ የመጣው እኔ በሌለሁበት ነው። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መቻራ ሄጄ፣ የቡና ገበሬዎችን ሀ ሁ ሳስቆጥር ሁለት ወር ቆይቻለሁ። ስመለስ የበርጫ ሰዓት ደርሶ፣ አባቴ ከሦስት ሽማግሌ ጓደኞቹ ጋር ጫቱን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ቀይ ቆዳ የለበሰ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቷል። ጠጋ ብዬ ባይ ሥዕል ነው። ካባ ለብሶ የሚበር ጎረምሳ፣ የብረት ጭምብል ያጠለቀ ሌላ ሰው፣ የሚቃጠል ፎቅ።

ነገሩን አስረዱኝ። የሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰውዬ፣ ሦስት የሥዕል መጻሕፍት አምጥቶ «እንዳይበታተኑብኝ አንድ ላይ ይጠርዙልኝ» ብሎ ሄዷል። በየጊዜው ከጅቡቲ ያስመጣቸው ናቸው። አንድ ጀግናና ደመኛው የሚያደርጉት ነው፣ በሦስት ክፍል። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ እዚያ በርጫ ላይ የሚያነበው የለም። አባቴም እንደ ልማዱ፣ እንደ ቁርአን አድርጎ ጠረዘው፤ በቀኝ የሚከፈት፣ በግራ ምላስ ያለው። ስለዚህ እኛ በረንዳ ላይ ታሪኩ የሚጀምረው ከሦስተኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ ነበር።

ለእኔ ሲል እንደገና ከመጀመሪያው ተረከልኝ፣ ማለቴ ከመጨረሻው። ባለጭምብሉ ድልድይ ሥር ዝናብ ላይ ተዘርሯል፤ ባለካባው አጠገቡ ተንበርክኳል። «ሞቶ ነበር» አለ አባቴ። ገጹን ሲገልጠው የሰውዬው ዓይን ተከፍቷል። ቀጥሎ በክርኑ ተደግፏል። ቀጥሎ ቆሟል። «አላህ ሲሻ» አለ አባቴ፣ ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የፈራረሰችው ከተማ ትነሳለች፤ እሳቱ ከየጣሪያው እየተሰበሰበ ወደ ባለጭምብሉ መዳፍ ይመለሳል። «ያፈረሱትን አብረው እየሠሩ ነው።» ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን፣ ጽሑፍ የተጻፈበትን ነጭ ደመና አንዱ ሽማግሌ «አገሩ ብርድ ነው፣ ትንፋሻቸው ነው» ብሎ ወስኖበታል። ማንም አልተከራከረውም።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሆኜ መጽሐፉን ከግራ ከፈትኩት። ፈረንሳይኛ ባላውቅም ሥዕሉ አይሰወርም። ሁለት የድሃ ልጆች ድልድይ ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ ይካፈላሉ። ያድጋሉ። አንዱ ኃይል ያገኛል። ሌላው አንድ ቀን የአንድ መኮንን ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ ያንሾካሹካል፣ ወታደሮች መጥተው ጓደኛውን ይዘው ወደ እስር ቤት ይወስዱታል። ከዚያ በኋላ ያ የካደው ልጅ ፊቱን የሚሸፍን ጭምብል ያጠልቃል፣ ከተማ ያቃጥላል፣ መጨረሻ ላይ ያ ልጅነታቸውን ያሳለፉበት ድልድይ ሥር ይሞታል። መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ወዲያኛው ሱቅ አየሁ። አዴራ ኮሌታ እየገለበጠ ነበር።

ልናገር ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ዝም ልል ነው? ግን ከሰዓት በኋላ አባቴ እስር ቤቱ ያለበት ገጽ ላይ ደረሰ። እሱ ገጹን በሚገልጥበት አቅጣጫ መጀመሪያ የሚታየው ባለካባው በፍርግርግ ውስጥ ነው። ቀጥሎ በወታደሮች መሃል መንገድ ላይ ነው። «ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። ቀጥሎ ያ ጓደኛው መኮንኑ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሏል። አባቴ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። «ይኸው ያስወጣው ደግሞ» አለ። «ጓደኛው ነው። ሲያማልደው።»

ወዲያ በኩል የስፌት መኪናው ቆመ። አዴራ ጨርቁን እንደያዘ፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እኔ ምላሴን ዋጥኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ አዴራ መስፋት ያቆማል። በረንዳው ላይ በራሱ ድንበር በርጩማውን አውጥቶ፣ የራሱን ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጆሮው ወደ እኛ። በሦስተኛው ቀን «ለአባትሽ ባለጭምብሉ ከዚያስ ምን ሆነ በይው» አለኝ። እጄ ላይ የነበረው ሙጫ ፈሰሰ። ነገሩን ለአባቴ ደገምኩለት። አባቴ ገጹን አቃንቶ «ነገ ይታያል በይው» አለኝ። ባለካባውና ባለጭምብሉ ከገጽ ገጽ በዕድሜ እያነሱ ሲሄዱ አንዱ ሽማግሌ ግራ ገብቶት ጠየቀ። «ቂም የወጣለት ሰው ልጅ ይሆናል» አለው አባቴ፣ በቃ። በደስታ ላብድ ደርሼ ነበር፤ ደግሞም ፈራሁ። ጸሐፊው በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ ብሎ ነበርና።

መጣም። የሚመጣበትን ቀን መምረጥ ያውቅበታል፦ አባቴ የመጨረሻውን ገጽ፣ የዳቦውን፣ ሊገልጥ ሲል ከአውቶቡስ ወርዶ አቧራውን እያራገፈ በረንዳው ላይ ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሁሉንም ሰላም አለ፣ ስለ ጤና ጠየቀ። ሮጬ ጆሮው ላይ ልናገር ፈለግኩ፤ ግን እዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት በሰው ጆሮ ማንሾካሾክ እንዴት ይሆናል? መጽሐፉን ከአባቴ እጅ ተቀበለ፣ ቆዳውን ዳሰሰ፣ አደነቀ። ከፈተው። ዘጋው። በሌላ በኩል ከፈተው። ከዚያ ሳቀ፣ በክፋት አይደለም።

«አባባ፣ ሥራው ግሩም ነው» አለ። «ግን ገልብጠውታል። መጨረሻው መጀመሪያ ሆኗል። ባለጭምብሉ እኮ ጓደኛውን አሳልፎ ሰጥቶ…»

አዴራ ተነሳ። በስብሰባው ቀን እንዳደረገው እጁን ወደ ላይ አውጥቶ ተነሳ። እኔ ያን ቀን እዚያ ነበርኩ፣ ያው እጅ ነው።

«አልተገለበጠም» አለ። «እኔ ድሬዳዋ ዘጠኝ ዓመት የባቡር ሠራተኞችን ልብስ ስሰፋ ከፈረንሳዮች ጋር ነው የሠራሁት። ጽሑፋቸውን አነባለሁ። ይህ ሰው የጠረዘው ልክ ነው። ባለጭምብሉ ጓደኛውን አስፈትቷል። እመሰክራለሁ።»

ጸሐፊው አፉን ከፈተ። አዴራን አየው፣ አባቴን አየው፣ እኔን አየኝ። እኔ ዓይኔን ከፊቱ ላይ አልነቀልኩም፤ በዓይኔ እባክህ እያልኩት ነበር። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ዘግቶ ምላሱን አጠፈው።

«እንግዲያው እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። «የኔ ፈረንሳይኛ የጣቢያ ፈረንሳይኛ ነው።»

አዴራ እንደቆመ ነው፣ እጁን ማውረድ የረሳ ይመስላል። አባቴ አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ። ስድስት ዓመት ያልዞረ አንገት ነው፣ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ያኔም ዋሸህ» አለው፣ «ዛሬም ዋሸህ። ቁጭ በል።» ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አለለት፣ ከጫቱም ለጋውን ቀንጥሶ ሰጠው። አዴራ ድንበሩን አልፎ መጥቶ ተቀመጠ። አልተቃቀፉም፣ አላለቀሱም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ጓዳ ገብቼ፣ ሙጫው እስኪያር። ስመለስ አባቴ «ዶሮህን እሰራት» እያለው ነበር፣ ፊት ለፊት።

ጸሐፊው መጽሐፉን እንዳለ ይዞት ሄደ። አባቴ እንደገና ልጠርዘው ቢለው እምቢ አለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሁለት ዒድ ቆየ። ሲሞት ያጠበው አዴራ ነው፣ ከፈኑንም የቆረጠው እሱ ነው።

በታረቁበት ዓመት ዒድ ሲደርስ አዴራ ቀሚሴን ይዞልኝ መጣ፤ እንደ ድሮው ሳይለካ ነው የቆረጠው። ስለብሰው ፊቱን አዙሮ ቆመ። ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው መጽሐፉ የተገለበጠ መሆኑን ያወቅከው?

«ከመጀመሪያው ቀን» አለኝ። «ሞቶ ነበር ሲል ሰማሁት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ድሬዳዋ አይቻለሁ። በፈረንጆቹ መጽሐፍ ያ የካደው ሰውዬ ሞቶ ይቀራል፣ ልጄ። አባትሽ ሲያነበው ግን ይነሳ ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ልንገረው?»

እጄን አነሳሁ፣ አወረድኩ። ብብቱ አልያዘኝም።