ለቅሶ ቤት የተነሣ ክርክር

እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር የምትኖር ጎረቤቴ ባሏን በቀበረች ማግስት ላስተዛዝናት ሄድኩ። እሷ ፍራሽ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሶፋው ላይ ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ኦርቶዶክስ አንዱ ጴንጤ፣ «ኢየሱስ ያማልዳል»፣ «የለም፣ ይፈርዳል» እየተባባሉ ይጯጯሃሉ። ቀና ብሎ ያያት የለም። አስጠሉኝ።

«ኢየሱስ እኮ አልዓዛር ሲሞት ከሟቹ እህቶች ጋር አለቀሰ እንጂ አልተከራከረም። የመጣውም ካዘኑት ጋር ሊያዝን ነው። አታፍሩም?» አልኳቸው።

 አንደኛው ንፍሮውን እያላመጠ፣ «ኦኬ እማማ፣ ግን ያለቀሰው በሥጋው ነው ይላሉ ወይስ በመለኮቱ?» አለኝ። ሌላው ወዲያው ተቀበለውና ክርክራቸውን ቀጠሉ።

 ጎረቤቴን እጇን ይዤ መኝታ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።