ሠላሳ ሰባተኛዋ ፎቶ

የሆነው በ1992 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ ክረምቱ ወጣ ተብሎ ማታ ማታ ግን ገና የሚያካፋበት ጊዜ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ለባለቤቴም ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻዋ ልጄ ስልኳን ስላሳየችኝ ነው።

ከጓደኞቿ ጋር አያት ሰፈር ሄዳ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ፎቶ ስትነሳ አምሽታ መጣች። ጫማዋ ጭቃ፣ የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ። እራት ሳቀርብ አጠገቤ ቆማ በጣቷ እየገፋች ታሳየኝ ጀመር። ቢጫ የሱፍ አበባ፣ በሥሩ አደይ አበባ፣ ከኋላው የምትጠልቅ ፀሐይ።

«እማ፣ አበቦቹ ግን ፀሐይዋን አያዩም» አለችኝ። «ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ፊታቸው ሁሉ ጨለመብን።»

እንደሚጨልም አውቃለሁ።

ቦታው የአንዲት አሮጊት ጓሮ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ሲከለክላቸው እሳቸው አስገቧቸው፤ አገዳውን ብቻ አትስበሩ አሏቸው። ልጆቹ ሲነሱም በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። «አሪፍ ሴትዮ ናቸው» አለች ልጄ። ድሮ እሳቸውንና ባላቸውን አንዲት ልጅ እንዲህ በፀሐይ መጥለቂያ አንስታቸው እንደነበር ነገሯቸው። ፊልሙ ተቃጠለባት። ምስኪን፣ ልትነግረኝ ስትል አለቀሰች አሉ።

«እማ፣ ፊልም እንዴት ነው የሚቃጠለው? እሳት ገብቶበት ነው?»

ሳህኑን አስቀመጥኩና የሴትዮዋን ስም ጠየቅኳት።

«አዴ ጫልቱ ነው የሚሏቸው።»

እራት አልበላሁም።

ያኔ አጎቴ ላምበረት አካባቢ ፎቶ ቤት ነበረው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ እዚያ እሠራ ነበር። መጋረጃ መለወጥ፣ የታጠበውን ፎቶ ጠርዙን መከርከም፣ ለመታወቂያ የሚነሳውን ሰው አንገቱን ማቃናት የኔ ሥራ ነበር። ቆይቶ ካሜራ አስያዘኝ። በሰፈራችን ካሜራ የምትይዝ ሴት ልጅ አልነበረችም። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ስሄድ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ሙያ መስሎኝ ነበር፤ ትዕቢት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አጎቴ ለፎቶ ቤቱ መስኮት የሚሰቀል የአበባ ፎቶ ፈለገ። ሠላሳ ስድስት የሚያነሳ አንድ ፊልም ሰጥቶኝ፣ አደዩ ሳይረግፍ ድረሺበት አለኝ። ጓደኛዬን ሰናይትን ይዤ ወጣሁ። እስከ ሲኤምሲ በታክሲ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። አያት ያኔ ገጠር ነው። መንገዱ ጥቁር ጭቃ ስለሆነ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ያዝን። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በየማሳው ድንበር አደዩ ሞልቷል። መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥላ እሸት ከምትጠብስ ሴት በቆሎ ገዝተን እየጋጥን ሄድን። ዛሬም መስከረም ላይ የበቆሎ ጥብስ ሲሸተኝ መንገድ እለውጣለሁ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ያን ማሳ አገኘነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የፈረንጅ ሱፍ ነው። ፀሐይዋ ከእንጦጦ ተራራ በስተግራ እየወረደች ነበር፤ አበቦቹ ግን ሁሉም እንደ ጸሎተኛ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። ፊታቸው እንዳይጨልም ካሜራው አናት ላይ ፍላሽ ሰካሁ። አበባውን አነሳሁ። ከዚያ ሰናይትን አነሳሁ፣ ሰናይትም እኔን አነሳችኝ። የአጎቴ ፊልም እንዲህ እያለ ሄደ።

ሠላሳ ሦስተኛው ፎቶ ላይ አንድ ሽማግሌ በትር ይዘው ከሱፉ መካከል ብቅ አሉ። ልንሮጥ ነበር።

«ከተማ አበባ አልቆ ነው?» አሉን።

ሰናይት አፏ አያርፍም። «አበባስ ሞልቷል አባባ፤ እንዲህ የሚያሳምር ግን የለም» አለቻቸው።

ሳቁ። ኦቦ ቶላ ይባላሉ፤ የማሳው ባለቤት ናቸው። ካሜራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ በበትራቸው የማሳውን ዳር አሳዩኝ። ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። መሬቱ ተለክቷል፣ ለቤት መሥሪያ ሊሄድ ነው። ከሚስታቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ አንድ ላይ የተነሱት ፎቶ የላቸውም። ያላቸው በመታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷም ዝናብ ነክቷት ፊቱ አይለይም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ሱፍ ሳይሄድ እኔና እሷን ውስጡ አቁመሽ አንድ አንሺን። አንድ ይበቃናል።»

እሺ አልኩ። ልብስ ለውጠን እንምጣ ብለው በማሳው ዳር ወዳለው ጎጇቸው ሄዱ። ሦስት ቀርቶኛል፤ አንዷ የእነሱ ናት።

ቆዩ። ጎጆው ደጃፍ ላይ ኦቦ ቶላ ፊታቸውን ሲታጠቡ ይታየናል። ሚስታቸው ሳጥን ሲከፍቱ ሲዘጉ ይሰማናል። ብርሃኑ ደግሞ በዚያች ሰዓት ብቻ የሚሆነውን ሆነ። ቅጠሉ፣ ጭቃው፣ የሰናይት ጉንጭ፣ ሁሉም ማር መሰለ።

«ሦስት አይደል ያለሽ?» አለች ሰናይት። «አንዷን ለኔ፣ አንዷን ለአንቺ። እነሱ አግብተው ጨርሰዋል፣ እኛ ነን ገና ያላገባነው።»

አነሳኋት። አነሳችኝ። አንድ ቀረች።

ፎቶ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ሠላሳ ስድስት የተባለ ፊልም ካሜራው ውስጥ በጥንቃቄ ከተጎረሰ አንዳንዴ ሠላሳ ሰባተኛ ይሰጣል። አጎቴ ብዙ ጊዜ ያገኛት ነበር። እኔም በደንብ ነው ያጎረስኩት፣ ትሰጠኛለች ብዬ አሰብኩ። ለመጨረሻዋ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ ወደ ፀሐይዋ ዞርኩና ለሰናይት ካሜራውን ሰጠኋት። ሠላሳ ስድስተኛዋንም ለራሴ ተነሳሁ።

ካሜራውን ተቀብዬ ፊልሙን ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውን ማዞሪያ ስስበው ግማሽ ላይ ቆመ። ደግሜ ሳብኩት። አልሄደም።

ቀና ስል ደርሰዋል። ኦቦ ቶላ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፣ ፀጉራቸው ከውሃው እርጥብ ነው። አዴ ጫልቱ የሠርግ ነጠላ የመሰለ ነጠላ ለብሰዋል፤ ከሳጥኑ እጥፋት የተረፈው መስመር ይታያል። የት እንቁም ብለው ጠየቁኝ።

ፊልም አልቋል ማለት ሁለት ቃል ነው። ነገ ሌላ ይዤ እመጣለሁ ብል ያምኑኝ ነበር። አፈርኩ። ሲሄዱ ሦስት እንደነበረኝ ሰናይት ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አበቦቹ መካከል አቆምኳቸው። ዓይናችሁን እንዳትጨፍኑ አልኳቸው። ፍላሹ ጀርባው ላይ መሞከሪያ የምትሆን ትንሽ ቁልፍ ነበረችው፤ ካሜራው ባያነሳም እሷን ሲጫኗት ያበራል። ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ በአውራ ጣቴ ያችን ቁልፍ ተጫንኩ። ብልጭ አለ።

ኦቦ ቶላ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ እንባቸው እስኪመጣ ቆሙ። «አለቀ?» አሉኝ። አለቀ አልኳቸው።

አዴ ጫልቱ ሁለት የሱፍ ራስ ቆርጠው አስታቀፉኝ፤ በሳምንቱ አመጣለሁ ብዬ የፎቶ ቤቱን ቦታ ነገርኳቸው። በመንገድ ሰናይት አልቀለደችም።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሠላሳ ስድስተኛዋን አየኋት። ፊቴ መሐል ላይ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላ፣ በማሳው ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ጥፍር ያህላሉ። ግን ብርሃኑ ፊት ለፊታቸው ስለነበር ይለያሉ። ኮፍያውን በእጁ የያዘው ኦቦ ቶላ ናቸው። ነጠላቸውን የሚያስተካክሉት አዴ ጫልቱ ናቸው። ሳላውቀው ተነስተዋል።

አዲስ ፊልም ይዤ እመለሳለሁ አልኩ። መስቀል ደረሰ፣ ከዚያ የሠርግ ወራት መጣ፣ ሥራ በዛ። እያንዳንዱ ሰበብ እውነት ነበር። ተደምረው ግን ውሸት ናቸው።

ጥር ላይ አዴ ጫልቱ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጥቁር ለብሰዋል። ኦቦ ቶላ ታመው ብዙም ሳይቆዩ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ፎቶ አልነበረም። ለአርባው እንኳ ይድረስልኝ ብለው ያችን ፎቶ ፍለጋ መምጣታቸው ነው።

ፎቶው ከፊቴ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አጎቴ ያን ጥፍር የሚያህል መልክ አጉልቶ ሊሠራላቸው ይችል ነበር። ግን ፎቶውን ካወጣሁ፣ የምፈልገው ይህ አይደለም ይሉኛል፤ ቆመን የተነሳነውስ የት አለ ይሉኛል። እጄን መሳቢያው ላይ አድርጌ፣

«ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ» አልኳቸው። አለቀስኩም። ያለቀስኩት ግን ለእሳቸው አልነበረም።

አቀፉኝ። ሐዘንተኛዋ እኔን አጽናኑኝ። «አንቺ ምን ታደርጊ» አሉ። «እሱ ብልጭታዋን አይቷታል። አንስታናለች እያለ ደስ ብሎት ሞተ። ገለቶሚ ልጄ።» በኦሮምኛ ያመሰገኑኝ እኔን ነው። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፤ ማህፀንሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ይቅበሩሽ አሉ።

ምርቃቱ ደረሰ። እግዚአብሔር ሦስት ልጆች ሰጠኝ፤ አንዱንም አልወሰደብኝም፣ ክብር ምስጋና ለእሱ ይሁን። ግን ሦስቱንም ስወልድ፣ ምጡ ሲያልፍ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የአዴ ጫልቱ እጅ ነው። በማታለል የበላሁት ምርቃት ነው። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምኩ። እሳቸው ግን ሌላም አዘውኝ ነበር፤ ሴትዮዋ በሕይወት ካሉ ሄደሽ ንገሪያቸው አሉኝ። ካዘዙኝ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። መሪ ሰፈር መኖር ስጀምር አዴ ጫልቱ መሬቱ ሲወሰድ በምትክ በተሰጣቸው ቦታ አያት እንዳሉ ሰማሁ። በዚያ በኩል ያለው ቤተ ክርስቲያን ይቀርበኝ ነበር፤ እንዳላገኛቸው ብዬ የሩቁን እሳለማለሁ። እንዲህም ሆኖ ሰው ጸሎተኛ ይለኛል።

ልጄ ስልኳን ባሳየችኝ ማግስት እሑድ ነበር። ከመሥዋዕቱ አስቀድሞ ከበደሉት ሰው ጋር መታረቅ እንደሚገባ ስንት እሑድ ሰምቻለሁ። ወደ ቅዳሴ ሳልሄድ ፎቶውን ከሳጥን ሥር አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩትና ወደ አያት ሄድኩ።

አዴ ጫልቱ በርጩማው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሱፉ ከኋላቸው ነው፤ ጠዋት ስለሆነ ፊቱ ሁሉ በርቷል። አላወቁኝም። ጉልበታቸውን ስሜ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሳይደርስብኝ ሁሉንም ተናገርኩ። ፊልም አልነበረም፣ በእናንተ ፎቶ እኔ ለራሴ ተነስቼባት ነበር፣ አልተቃጠለም፣ ይኸው አልኳቸው።

እጃቸውን መለሱ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ትልቁን ፊት አዩ፣ የኔን። ከዚያ መንገዷን አገኙ።

«ኮፍያውን አውልቋል» አሉ። ለኔ አልነበረም። «ቶሎ በል፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው እያልኩት ነበር።»

እንዲመርቁኝ አልጠበቅሁም፣ አልመረቁኝምም። ሂጂም አላሉኝ። ፊት ለፊታቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ባላቸውን ያያሉ። አውራ ጣታቸው ፎቶው ውስጥ ያለውን ፊቴን ሸፍኖታል፤ ከሥሩ ምንም አይታይም።